የሸዋንዳኝ ድምፅ ሲደክም

ካሱ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነበር። በሠራዊቱ መገናኛ ክፍል የሬዲዮ ጥገና ተምሮ፣ ሠራዊቱ ሲበተን በ1983 ተመለሰና ሲቀላ በሚባለው ገበያ ጥግ የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ። ንግግሩ ቁጥብ ነው፤ ያልገባውን ነገር «አልገባኝም» ይላል እንጂ ሰበብ አይፈጥርም።

በ1988 ጥቅምት ላይ የሺመቤት የምትባል ሴት ጫኖ ከሚባል መንደር ቴፕ ይዛ መጣች። ባሏ ሸዋንዳኝ ከመንዝ መጥቶ ጫኖ ሲያስተምር የኖረ መምህር ነበር፤ በወባ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዳዊት ሲደግም የቀዳውን አንድ ካሴት ትቶላታል።

«ስድስት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ባስገባም ሳምንት አይቆይም። ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል» አለችው። «ሰው ሞቶም ይደክመዋል?»

ካሱ ቴፑን ፈትቶ ድንጋዮቹን ለካ። በድምሩ ገና ስድስት ተኩል ቮልት አላቸው፤ ሞተሩ ደግሞ ከስድስት በላይ አይፈልግም።

«ድንጋዩ አልሞተም፣ እትዬ። ሞተሩን በእኩል ፍጥነት የምታስሮጠው ሬጉሌተር ናት የምትበላው። ስድስት ለመስጠት ስምንት ትጠይቃለች፤ ያንን ስታጣ ትለቀዋለች።»

ሊሰማው ካሴቱን ከፈተ። ቀትር ነበር፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንቋቋል። ወፍራም ድምፅ እየተጎተተ ወጣ። በመዝሙሩ መሐል፣ ቀስ ብሎ፣ «የሺ» አለ።

ካሱ ቶሎ አጠፋው።

«ሰማህ አይደል? ሲደክመው ብቻ ነው የሚጠራኝ» አለች።

«ሲጎተት ቃል ከቃል ይጣበቃል» አላት፤ መልሶ ግን አልከፈተውም።

ቴፑን ትታለት ሄደች። ካሱ የሬጉሌተሯን ትራንዚስተር አውጥቶ፣ ለራሱ ሁለት ዐሥረኛ ቮልት ብቻ የሚያስቀር ሌላ ዓይነት ተከለ። መጀመሪያ ከዳዊቱ ሥር እንደ ሰው ትንፋሽ ያለ፣ እምም የሚል ድምፅ መጣ። እንዲህ ያለው አሠራር መውጫው ላይ የሚያረጋጋው ካፓሲተር ካላገኘ እንደሚናወጥ ያውቃል። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ሲያስገባ ዋለ፤ በሦስተኛው ትንፋሹ ጸጥ አለ። በእነዚያው በደከሙት ድንጋዮች የሸዋንዳኝ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ጎን ያለ ሰው መስሎ ወጣ።

የሺመቤት ተመልሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ፊቷ አልፈካም።

«አሁን ወር ይቆይልዎታል» አላት።

«ይቆያል። ግን ያነባል እንጂ አይጠራኝም። እንደነበረ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።»

ካሱ የደከመበትን ሥራ በገዛ እጁ ሲያፈርስ ከፋው። ቢሆንም አልተከራከራትም፤ አሮጌውን ትራንዚስተር መልሶ በየደና ሊፈትሸው ከፈተው። ድምፁ እንደገና ወፈረ። ጥቂት ቃላት አለፉ። ከዚያ፣ በማያሻማ ሁኔታ፣ «ካሱ» አለ።

ቀና ብሎ አያት። እሷም ሰምታለች።

«አንተንም አወቀህ» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች። ቴፑን አቅፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ካሱ የብዙ ሰው ቴፕ በአዲሱ አሠራር ጠገነ፤ «የካሱ ሥራ ድንጋይ አይበላም» ተባለ። የደከመ ድንጋይ ያለበት ቴፕ ሲመጣለት ግን አስቀድሞ ካሴቱን ያወጣል።

የሺመቤት ለገበያ ስትመጣ ሱቁ በር ላይ ሰላም ትለዋለች። አንድ ቅዳሜ ጠጋ አለችና፣ «አሁን ማንን እንደሚጠራ ልንገርህ?» አለችው።

«አይንገሩኝ፣ እትዬ» አላት።