የግሪክ ፀሐይ

አዛውንቱ ወደ ጉዞ ወኪሉ ቢሮ የሚመጡት ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ነው። ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በመሐረብ ጠረግ ያደርጉታል። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ለዕረፍት ግሪክ እንደጠራቻቸው ለሠፈሩ ሁሉ አውርተዋል። ቲኬት ሻጯን ግን ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ቪዛ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። የሚጠይቁት በረንዳው ወደ ባሕሩ ያይ እንደሆነ፣ ውሃው ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዝ እንደሆነ ነው።

ዛሬ ደግሞ፣ «የዚያ አገር ፀሐይ ሰው ያጠቁራል?» አሏት።

«እንዴታ አባባ፤ ሲመለሱ ሰው አይለይዎትም» ብላ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያስ እኅቴ ጋ ተደብቄ ስሰነብት ከጓሮዋ ፀሐይ ባልጠፋ ነው የሚሻለኝ» አሉ ቀስ ብለው። ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ያ ሻንጣ ላይ የሚታሰረው የአየር መንገድ ወረቀት፣ ትርፍ ይኖርሻል? ጎረቤት መጀመሪያ የሚያየው ሻንጣ ነው።»

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ፊታቸውን ላለማየት መሳቢያው ውስጥ ብዙ ፈለገች፤ ወረቀቱ ግን ከላይ ነበር። ተቀብለው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አባቷ የናፈቃት ልጅ ስንት ቀን ነው የምታቆየው?»