ለዓናብ የተናዘዘው ቤት

ወልደጻድቅ እሳት አደጋ ላይ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። ሲነሳም ይደክመዋል፣ ሲተኛም ይደክመዋል፤ ድካሙ በእንቅልፍ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። ከከዚራ እስከ መጋላ ያለው የድሬዳዋ ሰው የሚያውቀው ደግሞ በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው። እሳት በተነሳበት ቤት ደጅ፣ ባለቤቶቹ ፍራሽና የልብስ ስፌት መኪና ሊያወጡ ሲራኮቱ፣ «ዕቃውን ተዉት! ነፍሳችሁን ይዛችሁ ውጡ!» ብሎ ሲጮህ እንኳን ሰው እሳቱም የሚደነግጥ ይመስላል። ለአንድ ድስት ብላ ወደ ነበልባል የምትመለስ ሴት ካየማ ደሙ ይፈላል። «ድስቱ ይቀብርሻል?» ይላታል።

እቤቱ ሲገባ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚገባ እንጃ። እዚያ የሁለታቸውንም የምታወራው ዓናብ ናት። ዓናብ የሱማሌ ልጅ ናት፤ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። እሱ ማዕተቡን አልበጠሰም፣ እሷም ሶላቷን አልተወችም፤ ስለዚህ ቄስም ሼህም ሳያጋባቸው፣ ልጅም ሳይወልዱ፣ አብረው እያረጁ ነው። መንዝ ያሉት ወንድሞቹ «ያቺ ሴትዮ» ከማለት ሌላ ስም አውጥተውላት አያውቁም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሁለቱ ናቸው ጭቃ ረግጠው የሠሯት። የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ሌላ ቤት ስላልነበራቸው አልተነካችም። ካርታው ላይ ያለው ግን የእሱ ስም ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ኑርቶ እስኪሞት ድረስ አሳስቦት አያውቅም። ኑርቶ ቱቦውን አብሮት የሚይዝ ባልደረባው ነበር፤ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ተናደበትና ቀረ። ለቅሶው ሳይበርድ ዘመዶቹ ከገጠር መጥተው፣ አብራው የኖረችውን ሽታዬን «ጋብቻሽ የታለ?» አሏት። ከዚያ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅለው በጋሪ ጭነው ሄዱ። ወልደጻድቅ ሊጠይቃት ሲሄድ ግድግዳ ብቻ በቀረው ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ይኸው ወልዴ፣ ሰማዩን ወረስኩ» አለችው።

ቤቱ ተመልሶ ቀና ብሎ የገዛ ጣሪያውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ቆጠረ። ዓናብ ከኋላው ወተት እያጣራች ስለ ገበያው ታወራለች፤ እሱ አንድም ቃል አልሰማም።

በነጋታው ፍርድ ቤቱ ደጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ አቶ በዛብህ ሄደ።

«ኑዛዜ? ታመሃል እንዴ?» አሉት ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

«አልታመምኩም፤ የሚያሰጋኝ ሥራዬ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው አራት ምስክር ይዘህ ና። ፊታቸው ይነበባል፣ ይፈርማሉ፤ አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት እናስቀምጣለን።»

አራት ሰው ማግኘት እሳት ከማጥፋት ባሰ። ጤነኛ ሰው ከተናዘዘ ሞት ይጠራል ተብሎ ይፈራል፤ እሳት አደጋ ግቢ ውስጥ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። ተረኛ ሲወጣ «ደህና ሁን» እንኳ አይባልም። «አቦ ተወን! አንተ ተናዝዘህ ከኛ ጋር መኪና ላይ ልትወጣ ነው?» አሉት ባልደረቦቹ። አንዱማ መኪናው ላይ አጠገቡ መቀመጥ ተወ። በቁም እንደተቀበረ ሰው ሲሸሹት ሰነበቱ፤ እሱም ለመቆጣት አቅም አልነበረውም። በኋላ ግን ቆርቆሮ አዋጥተው የሽታዬን ቤት ሊከድኑላት የወጡ ዕለት፣ መሰላል ላይ እንዳሉ ደግሞ ጠየቃቸው። ሽታዬ ከታች ምስማር ታቀብላለች። እምቢ የሚል አፍ ያለው ጠፋ፤ አራቱም ፈረሙ።

የባሰችው ዓናብ ነበረች።

«ወላሂ፣ አንተ የሌለህበትን ቤት ምን ላደርገው ነው?» አለችው።

«እንዳያስወጡሽ ነው እኮ ዓናቤ።»

«አንተ ቀድመህ እንደምትሞት ማን ነገረህ?»

ይህችን ሲሰማ ሳቀ። እሳት ውስጥ የሚገባው እሱ፣ ወተት የምትሸጠው እሷ! ወረቀቱን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ሳጥኑ ሥር ከተተውና ያስጠናት ጀመር። «ማንም ይምጣ፣ ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ ይህን ያዢ። ይህ ከጠፋ ሜዳ ላይ ነሽ።» ፍርድ ቤት ሌላ ቅጂ እንዳለ አልነገራትም፤ ካወቀች ትዘናጋለች ብሎ ነው። ለሥራ በወጣ ቁጥር ደጁ ላይ ዞር ብሎ «መጀመሪያ ምን?» ይላታል። «ወረቀቱን አቦ! ወረቀቱን! ሰለቸኝ!» ትለዋለች። ያንን ሲሰማ ትከሻው ቀለል ይለዋል። ስንት ዘመን ለሰው ሁሉ ዕቃውን ተዉት ሲል የኖረ ሰው፣ ለገዛ ሚስቱ ተቃራኒውን እያስተማረ መሆኑ አንድ ቀንም ሽው አላለበትም። አይፈረድበትም፤ የሽታዬ ጣሪያ ከዓይኑ አልጠፋ ብሎ ነው።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ሲመጣ ግን ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እንደወጣች፣ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው በአንድ ጊዜ ይመጣል። በአንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ እንዲያ ሆኖ መጣ። ወልደጻድቅ ከከዚራ በኩል ካለው ዳርቻ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ሰው ያወጣል። ቤቱ ከማዶ ነው። በመሃል ዛፍና በግ የሚነዳ ቡናማ ውሃ አለ፤ ድምፁ ያን ውሃ አያሻግርም። ቢሆንም «ውጡ! ዕቃውን ተዉት!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ዓናብ እግሯ ፈጣን ነው፣ ወጥታለች ብሎ ራሱን አጽናና።

ውሃው ሲጎድል ተሻገረ። ጎረቤቱ ሮብሌ ጭቃ እንደለበሰ ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየው ተነሳ።

«ወርያ ወልዴ… ወጥታ ነበር እኮ» አለው። «እጇን ይዤ እዚህ ድረስ አድርሻታለሁ። ‹ወረቀቱ!› ብላ እጇን መነጨቀችኝ። ከእጄ አመለጠች፣ አቦ፣ ከእጄ።»

ወልደጻድቅ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ዓናብን ከታች አሸዋው ላይ አገኟት። የብስኩቱ ቆርቆሮ በምትከናነበው ጋርባሳር ተቋጥሮ ወገቧ ላይ ነበር። ወገኖቿ ቀበሯት፤ እሱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከኋላ ቆመ። ከቤቱ የደጁ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ያን ያህል ዘመን የፈራቸው የመንዝ ወንድሞቹ አንዳቸውም አልመጡም።

ወራት ቆይተው አቶ በዛብህ መንገድ ላይ አገኙትና «ያን ኑዛዜ እናድሰው እንጂ፤ አሁን ለማን እናድርገው?» አሉት።

«ይቀመጥ፣ አባባ» አለ ወልደጻድቅ። «የሌለ ቤት ለሌለች ሴት ቢያወርስ ማንን ይጎዳል?»

ሥራውን ግን አልተወም፤ የት ይሄዳል? አንድ ቀን ገንደ ቆሬ ሰፈር አንድ ቤት ተያያዘ። አንዲት ሴት ከደጁ ወጥታ «ወረቀቴ! የቤቴ ወረቀት!» እያለች ልትመለስ ተፈተለከች። ባልደረቦቹ የታወቀውን ጩኸት ጠበቁ። አልመጣም። ወልደጻድቅ ሮጦ የሴትየዋን እጅ አንጓዋ ላይ በሁለት እጁ ያዘ። «ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ!» ብላ ደረቱን መታችው፣ እጁን ነከሰችው። ጣሪያው ወረደ። ውሃ ተረጨ፣ ጭሱ ሳሳ፣ ቱቦው ተጠቀለለ።

«ወልዴ፣ እሳቱ ጠፋ እኮ፤ ልቀቃት» አሉት ባልደረቦቹ።

እሱ ገና እንደያዛት ነበር።