ለእንግዳ የተለሰነ ቤት

እትዬ አሰለፈች ገና ኮረዳ ሳሉ ከካፋዋ ዋጫ ወደ ቦንጋ የመጡት ጠጅ ሊጥሉ ነው። ያስመጧቸው ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ የአንድ የመሐል አገር ነጋዴ ሚስት፣ ልጅ ስላልነበራቸው ሲሞቱ ጠጅ ቤቱን ከነጋኑ አወረሷቸው።

ቤቱን የማያውቅ የቦንጋ ሰው አልነበረም። ግድግዳው ጎን ለጎን የቆመ የዝግባ ፍልጥ፣ መቀመጫው የጭቃ መደብ፣ በሩ በእጅ የተጠረበ ወፍራም ዋንዛ ነው። ዳኛውም የፈረደበትም አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠጥተውበታል። እትዬ አሰለፈች ባል አግብተው ፈትተዋል፣ አንድ ልጅ ወልደው ቀብረዋል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ይኸው ቤት ብቻ ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት የከተማው አዲስ ፕላን ወጣና የሰፈሩ ሰው ወይ ፎቅ ይሥራ፣ ወይ ቤቱ ይፍረስ ተባለ። እትዬ አሰለፈች ደግሞ እንኳን ፎቅ፣ የሚያፈስ ቆርቆሯቸውን በሬንጅ የሚደፍኑ ሴት ናቸው።

ደንበኛቸው ልዑልቃል ባህል ቢሮ ይሠራል። አንድ ቀን ብርሌውን ሳይጨርስ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ አይዞዎት። ለመስቀል ሰሞን የቅርስ ኮሚቴ ይመጣል። ቤቱ ታሪካዊ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ማንም አይነካዎትም» አላቸውና ለወርክሾፕ ጅማ ሄደ።

እንግዲህ በካፋ መስቀል ሲደርስ ግድግዳ ይለሰናል፣ ደጅ ይጸዳል። ለመንግሥት እንግዳማ ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ ማሳየት ከነውርም ነውር ነው። በዚህ የሚወቅሳቸው ካለ እንግዳ ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ በደቦ ወጣ። ከማዶ ያለው ባለሱቅ ሚፍታህ፣ ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሙስሊም፣ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ከነቆርቆሮው ተሸክሞ መጣ። «የእርስዎ እንግዳ የኛም እንግዳ ነው» አላቸው። ፍልጡ ላይ የሽቦ ወንፊት ተመታና በሲሚንቶ ተለሰነ። መደቡ ተንዶ የፕላስቲክ ወንበር ገባ። በሩ በብረት በር ተተካ፤ አሮጌው ዋንዛ ተፈልጦ የደቦው ወጥ ተሠራበት። እትዬ አሰለፈች ቤታቸውን ዞረው ዞረው አዩና በደስታ አለቀሱ።

ኮሚቴው መጣ። ጠጅ ቢቀርብለት «ሥራ ላይ ነን» ብሎ አልቀመሰም። መነጽር ያደረገችው ሰብሳቢ ግድግዳውን በጣቷ ቆረቆረች።

«መቼ ነው የተሠራው?»

«በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ሲሚንቶው እኮ ገና አልደረቀም።»

«ውስጡ ዝግባ ነው!»

«የምንመዘግበው የሚታየውን ነው። ሌላ የድሮ ነገር የለም? በሩስ?»

እትዬ አሰለፈች ወደ ጓሮ ዞር አሉ። የምድጃው አመድ እንኳ ገና አልተዛቀም።

«በሩንማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወጥ ሠራንበት።»

ልዑልቃል ከጅማ ተመልሶ ሲያይ ራሱን ያዘ። በየቢሮው እየገባ ቢጮህም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሚፍታህ በበኩሉ በቀለሙ አፍሮ ለሳምንታት እትዬን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በኋላ ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ለቀቀላቸው፤ ጋኖቹ ግን በበሩ አልገባ ብለው ደጅ ተደፍተው ቀሩ።

በኅዳር ዶዘር መጣ። ገና ጠጋ ሲል ልስኑ ከነሰማያዊ ቀለሙ ተሰንጥቆ ዘጭ አለ። ከሥሩ የዝግባው ፍልጥ ጥላሸቱን እንደጠጣ፣ አንዱም ሳይነቅዝ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ እንጨቱንም በመዳፉ ዳሰሰው።

«እማማ፣ ይሄ የድሮ ቤት ነው እንዴ?» አለ።

«ነበር» አሉ እትዬ አሰለፈች።

ሾፌሩ ተመልሶ ዶዘሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ።