ከደመና በላይ የለጠፍኩት ፎቶ

በረጅም በረራ ላይ ለኢንተርኔት መክፈል ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። የሥራ ጓደኞቼ አልፎ አልፎ ለስልጠና ውጭ አገር ይላካሉ፤ ከመካከላቸው ቀድሜ የሄድኩ እኔ ስለሆንኩ እኔን ያማክራሉ። ስለ ሻንጣ ክብደት፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጆሮ መደፈን የማውቀውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ኢንተርኔቱ ላይ ስንደርስ ግን "እሱን እንጃ" ብዬ ወሬ እለውጣለሁ። እንጃ ማለቴ ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ከፍዬ ተጠቅሜበታለሁ። ምን እንዳደረግኩበት መናገር ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ያኔ መሐል ሜዳ የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ዓለም ከተማ ነው፤ መንዝ ስመደብ መጀመሪያ የተላክሁት ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደምትርቅ አንዲት ቀበሌ ነበር። እዚያ ሦስት ዓመት የኖርኩት ባላቸው በሞተባቸው አንዲት ሴት ቤት ነው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ እያዩ "ቆለኛው" ይሉኝ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። መሬታቸውን ሌላ ሰው በእኩል ያርስላቸዋል፤ የራሴ የሚሉት ሀብት በጎቻቸውን ነበር። ጠጉሩን ሸልተው፣ ፈትለው፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ይሸጣሉ። ወደ ከተማ ተዛውሬ የክሊኒኩ ኃላፊ ከሆንኩ በኋላም ገበያ በወጡ ቁጥር እኔን ሳያዩ አይመለሱም ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ረዳት ነበረችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብታንስም አንቺና አንተ ነበር የምንባባለው፤ ምሳም አብረን ነው የምንበላው። ገበሬ ሲጠራት ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው አትልም። ከእኔ የምታንሰው በዲፕሎማዋ ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ።

የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን የብረት ነው፤ ቁልፉም አንድ ብቻ። ተለዋጩ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ግምገማ ላይ ተነስቼ "በእኔ ጊዜ አንድ ብልቃጥ አልጎደለም" ስል ተጨብጭቦልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ለሌላ ሰው መስጠት ወንበሬን የመልቀቅ ያህል ይከብደኝ ጀመር።

ስለ በግ እርባታ የሦስት ሳምንት ስልጠና ወደ ቻይና እንድሄድ ስመረጥ ርክክብ አድርግ ተባልኩ። ወረቀቱን አዘጋጀሁ፤ "የክሊኒኩን ንብረትና የመድኃኒት ቁልፍ ለረዳቴ አስረክቤያለሁ" ይላል። ፈረምኩና ወደ እሷ ገፋሁት።

"ቁልፉስ?" አለችኝ።

"ነገ ጠዋት አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት እሰጥሻለሁ፤ ዛሬ የማወጣው ነገር አለ።"

አምናኝ ፈረመች። በነጋታው አውቶቡሱ ጋ መጥታ ስትሰናበተኝ ቁልፉን አልሰጠኋትም፤ እሷም ክሊኒኩ ውስጥ የተውኩላት መስሏት ይሁን አልጠየቀችኝም። በኋላ ለሰው ሁሉ ረሳሁት ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደብረ ብርሃን ሳልደርስ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ያኔ ለሚመለስ ሾፌር መስጠት እችል ነበር። ሦስት ሳምንት ምን አላት ብዬ ዝም አልኩ።

አውሮፕላኑ የተነሳው ጠዋት ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ከቻይና ዕቃ የሚያመጣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር፤ ቀበቶውን አስሮ ሳይጨርስ ወሬ የጀመረ ተጫዋች ሰው። ከፊቴ ካለው ኪስ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት የሚገልጽ ወረቀት አገኘሁ። ክፍያው በባንክ ካርድ ብቻ ነው፤ እኔ ያለኝ ደግሞ በፖስታ የታሸገ የውሎ አበል ዶላር። ነጋዴውን በካርዱ እንዲከፍልልኝና እኔ ጥሬ ገንዘቡን እንድሰጠው ለመንኩት።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አለኝ።

"የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከቢሮ ሊፈልጉኝ ይችላሉ።"

ሳቀ። "እኔ በየሁለት ወሩ ነው የምመላለሰው፤ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም። ደንበኛ አይጮህብኝ፣ ጉምሩክ አይጠራኝ። ያለችኝ ዕረፍት ይህቺ ናት። አንተ በገንዘብህ ጭቅጭቅ ትገዛለህ?"

ቢሆንም ካርዱን አወጣልኝ። ለአንድ ቀን ምግብና ማደሪያ የታሰበልኝን ያህል ቆጥሬ ሰጠሁት። ለሥራ ነው ያልኩት ነገር ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እውነት መስሎኝ ነበር። ስልኩ ሲገናኝ ግን መጀመሪያ የከፈትኩት የራሴን ገጽ ነው። የአውሮፕላኑን ክንፍ ከነደመናው አነሳሁ፤ ፊቴንም በመስኮቱ በኩል አድርጌ አነሳሁ። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለነበር ፎቶው እስኪጫን ብዙ ጠበቅሁ። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ከመንዝ ተነስቼ ከደመና በላይ! በአውሮፕላኑ ኢንተርኔት የምጽፍላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።"

ከዚያ በኋላ መስኮቱንም አላየሁ፤ ከነጋዴውም ጋር አላወራሁ። የወደደልኝን ሰው እቆጥራለሁ። አብሮኝ የተማረ "ዶክተር ኮራንብህ" ይላል፤ የዓለም ከተማ ሰዎች "የእኛ ልጅ" ይላሉ። ለእያንዳንዱ አመሰግናለሁ እያልኩ እመልሳለሁ። ዓመታት ሙሉ በበግ ጋጣ ጭቃ ውስጥ ስመላለስ ያላየኝ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያየኝ መሰለኝ።

እኩለ ቀን አካባቢ የረዳቴ መልእክት በስልኩ አናት ላይ ብቅ አለ። "ዶክተር፣ የመድኃኒቱ ቁልፍ የት ነው ያስቀመጥከው?"

ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው መጣ። "እነ እትዬ ቀበሌ ነኝ። በጎቹ ያስላሉ፣ በአፍንጫቸው አረፋ ይወጣል። የእትዬ ሁለት ሞተዋል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቁልፉን ፈርመሽ ተረክበሻል፣ ሳጥኑን አላሰብርም አለኝ። ስበሩት ብለህ ብቻ ጻፍልኝ።"

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ቁልፉ አለ። በሽታው ምን እንደሆነ ገና ሳነብ አውቄዋለሁ፤ ሳንባ የሚይዝ፣ ቶሎ መርፌ ካላገኘ ቀን የማይሰጥ በሽታ ነው። አንድ ቃል መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን "ስበሩት" ብዬ ከጻፍኩ ቁልፉ እኔ ጋ መሆኑ ይታወቃል፤ የፈረምኩት ወረቀት ውሸት መሆኑ ይታወቃል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከስልጠናው መልሶ የሚያስጠራኝ መስሎ ታየኝ። ለራሴ "አይቸግራትም፣ አንድ መላ ትፈጥራለች" አልኩት።

ያደረግሁት ይህን ነው፦ መልእክቱን አልከፈትኩትም። ከከፈትኩት ማንበቤ እሷ ጋ ይታያል። ስለዚህ በአናቱ ላይ የታየውን ብቻ አንብቤ በጣቴ ገፋ አድርጌ አጠፋሁት። ሦስተኛው ሲመጣም እንዲሁ። እሱ "ዶክተር?" ብቻ ነበር የሚለው። ከዚያም ተመልሼ ለአንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ "አሜን፣ አንተንም ያክብርህ" ብዬ ጻፍኩ።

ነጋዴው "ምነው? ክፉ ነገር ሰማህ እንዴ?" አለኝ። ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይቶ መሆን አለበት።

"ኧረ ምንም፤ የቢሮ ጣጣ ነው" አልኩት።

በአገሬ ሰዓት ጀምበር ስትጠልቅ አረፍን። ገና ሻንጣዬን ሳልወስድ በአየር ማረፊያው ኢንተርኔት ጻፍኩላት፦ "አሁን መድረሴ ነው። አውሮፕላን ላይ ኔትወርክ የለም። ቁልፉ በስህተት እኔ ጋ ቀርቷል፣ ስበሩት።" መልሷ የመጣው በነጋታው ነው። "እሺ ዶክተር። እንኳን በሰላም ገባህ።" ሌላ ምንም የለበትም። ስልጠናው እስኪያልቅ ስለ በጎቹ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም።

መሐል ሜዳ ስመለስ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ተሰብስቦ ተቀበለኝ። ዘበኛችን በቅንነት "ያን ፎቶ እውነት ከላይ ሆነህ ነው የላክኸው? ሰማይ ላይም ኢንተርኔት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ረዳቴ በሩ ላይ ቆማለች።

"አይ፣ ካረፍን በኋላ ነው የለጠፍኩት" አልኩ።

እሷ ወደ ውስጥ ገባች። ተከትያት ስገባ መርፌ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል መናገር ጀመረች።

"ፎቶህን ያየሁት ጋራው ላይ ሆኜ ነው። እዚያ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ከጋራው አናት ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። ኢንተርኔቱም አንዴ ይለቀቃል፣ አንዴ ይዘጋል፤ የዚያን ቀን ዕድል ሆኖ ይሠራ ነበር። ሰውዬው በስልክ አላሰብርም ሲለኝ ከግል መድኃኒት ቤት በራሴ ገንዘብ ልገዛ አስቤ ነበር። ወደ ከተማ ልመለስ ስል ፎቶህ መጣ። በአውሮፕላኑ ኢንተርኔት የምጽፍላችሁ ይላል። ደስ አለኝ። ወርጄ ለእትዬ 'ኢንተርኔት አለው፣ አሁን ይመልስልኛል' አልኳቸው። እሳቸውም ተከትለውኝ ወጡ። አብረን ተቀምጠን እስኪመሽ ጠበቅንህ።"

ያጠበችውን መርፌ ጨርቅ ላይ ደረደረች።

"ፎቶውን ባላይ ኖሮ አልጠብቅህም ነበር" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት ሞተ?"

"የእትዬ ስምንት። የጎረቤቶቻቸውም አለ።"

እትዬ የነበሯቸው በጎች አሥራ አንድ ናቸው። እንደ ሐኪም አንድ ማምለጫ ነበረኝ፤ በዚያን ቀን መርፌ ቢያገኙም የተወሰኑት መሞታቸው አይቀርም ነበር። ይህን ልናገር አስቤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

በማግስቱ ወደ እትዬ ሄድኩ። ያን መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ሲያዩኝ እንዝርቱን ጥለው ተነሱ፤ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ።

"ተመስገን! ተመስገን! በደህና ገባህልኝ ቆለኛው!" አሉ።

"እትዬ፣ ስለ በጎቹ ሰማሁ..."

"እሱን ተወው። እኔ ያን ቀን በጎቹንም ረስቼ ነበር" አሉኝ። "ልጅቷ ከሰማይ ላይ ሆኖ ይጽፋል ስትለኝ ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ አንተ ዝም። እሱ የእኔን ነገር ሰምቶ ዝም አይልም፣ አውሮፕላኑ አንድ ነገር ሆኖ ነው እንጂ አልኳት። እዚያው ጋራው ላይ ለማርያም ተሳልኩልህ። ከተረፉት ጠቦቱን ሰጠሁ። በደህና አግብታሃለችና ምን ቀረኝ!"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሰዓት ዝም ብዬ ልመለስ እችል ነበር። እንዲህ የተቀበሉኝ ይቅር ብለውኝ ሳይሆን ጥፋቴን ስለማያውቁት ነው። ምናልባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያውቁት ይኖሩ ነበር።

"እትዬ፣ አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም። መልእክቱን አይቼው ነበር።"

"ምኑን?"

"የላከችልኝን። በጎቹ እየሞቱ እንደሆነ አይቻለሁ።"

"አይተህ ምን አልክ ታዲያ?" አሉኝ።

"ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዳይታወቅብኝ ብዬ።"

እንዝርቱን አነሱና ክሩ የተቆረጠበትን ፈልገው ቀጠሉት፤ መፍተላቸውን ያዙ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ "ብርዱ ሳይመጣ ሂድ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አሉኝ። ቆለኛው አላሉኝም።

በዚያው ሳምንት ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሁሉንም ነገርኩት። ግምገማ ላይ እንድደግመው ተደረገ፤ በተጨበጨበልኝ አዳራሽ ቆሜ ደገምኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የመድኃኒቱም ኃላፊነት ወደ ረዳቴ ዞረ። ቅጣቱ እንዲያውም ቀሎኝ ነበር። ከደመወዜ እያጠራቀምኩ ለእትዬ አራት እናት በግ ገዝቼ ራሴ ነድቼ ወሰድኩላቸው። የማያውቁት ነጋዴ እንዳመጣላቸው ሁሉ የበጎቹን አፍ ከፍተው ጥርሳቸውን አዩ፣ ወገባቸውን ዳሰሱ። "ደህና ናቸው" ብለው አስገቧቸው። ጎረቤቶቻቸውን ግን አልካስኩም፤ አቅሙም አልነበረኝም፣ ፊታቸውን ማየትም አልቻልኩም።

እትዬ ገበያ ሲወጡ ክሊኒኩ መምጣታቸውን አልተዉም። የሚመጡት ግን ወደ እሷ ነው። እኔንም "ደህና ነህ?" ይሉኛል፤ እኔም "ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?" እላለሁ። ከዚያ በእሷ ወንበር አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ።

ረዳቴ ከዚያ ወዲያ አንተ ብላኝ አታውቅም። "ዶክተር፣ ይህን ይፈርሙልኝ"፣ "ዶክተር፣ ገበሬው ውጭ እየጠበቀዎት ነው" ትለኛለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ድፍረት አግኝቼ "ምነው አንቱ አልሽኝ? አረጀሁ እንዴ?" አልኳት፤ ለማሳቅ ነበር።

"አይ፣ እንዲሁ ለምጄው ነው" አለችኝና የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ደብረ ብርሃን እስክዛወር ድረስ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። የተሰናበተችኝም አንቱ እንዳለችኝ ነው።