ማውንት ሃሚልተንን የወጣን ቀን

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ሠርግ ሊቨርሞር ውስጥ አንድ የወይን እርሻ ላይ ነበር። ከልጄ ከሊያ ጋር ከሳን ሊያንድሮ ተነሥተን ሄድን፤ የምትነዳው እሷ ናት። ከተማውን አልፈን ግራና ቀኙ ወይን ወደተተከለበት ጠባብ መንገድ ስንገባ፣ ከፊታችን ሦስት ብስክሌተኞች አንዲት ትንሽ ዳገት እየተንፏቀቁ ይወጣሉ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ማለፍ አይቻልም። ሊያ ሰዓቷን አየችና እጇን ወደ ክላክሱ ሰደደች።

«ተይ፣ አታስደንግጫቸው» አልኳት።

«እማ፣ ሌት እኮ ነን፣ ረፍዶብናል!»

«ሙሽራዋም ገና አልደረሰችም። ደግሞ እኔም በዚህ መንገድ በብስክሌት መጥቻለሁ፤ ያውም ከሳን ሆሴ ተነሥቼ፣ ተራራውን ተሻግሬ።»

ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ። «ኖ ዌይ። አንቺ?»

አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀኝ ለአንድ ፎቅ ሊፍት ስጠብቅ ነው። ቢሆንም ያቺ «አንቺ?» ያለችው ቃል ትንሽ ቆነጠጠችኝ፤ ስለዚህ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከካርቱም ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ኦክላንድ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከሙሉጌታና ከባለቤቱ ከእታገኝ ጋር ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ። አዲስ አበባ እያለ ለክለብ የሚወዳደር ብስክሌተኛ ነበር። ኦክላንድ ደግሞ መሃል ከተማ ካለ ፓርኪንግ የሰው መኪና ሲያቆም ይውላል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛት ሰማያዊ ብስክሌት ነበረችው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሏት ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውላታል እንጂ አይነዳትም።

በሐበሻው ዘንድ ግን «ሃሚልተንን የወጣው ሙሉጌታ» ይባል ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ቀን ብቻውን ሄዶ፣ ከሳን ሆሴ በስተምሥራቅ ያለውን ያን ትልቅ ተራራ እስከ ጫፉ ወጥቶ ተመለሰ ተብሎ ነበር። ክርስትና ላይም ሆነ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ «እስቲ ንገረን» ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ትሕትና መስሎን እንዲያውም የበለጠ እንወደው ነበር።

ብስክሌት አስተምረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ጀምሬ፣ የጠዋቱ አውቶቡስ በሰዓቱ አልደርስ እያለ አስቸገረኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳን ሊያንድሮ ወስዶ፣ በተዘጋ ሱቅ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጥ ነበር። ሁለቱም ጉልበቴ ተላጠ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እናት፣ እማማ ብርቄ፣ ጠባሳዬን አይተው «ሴት ልጅ! ያውም ሱሪ ለብሳ!» ብለው አማተቡ። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር። በበጋው ከደመወዜ ቆጥቤ የራሴን አሮጌ ብስክሌት ገዛሁና ከኦክላንድ በላይ ያሉትን ኮረብቶች ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ፤ ጠዋት ጭጋጉ ከዛፎቹ እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል፣ መንገዱ እርጥብ ቅርፊት ቅርፊት ይሸታል። አልጋ ሳነጥፍ ከምውለው ቀን ሙሉ ያቺ አንድ ሰዓት የራሴ ነበረች።

መስከረም ላይ፣ እራት እየበላን፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሃሚልተንን አብረን ለምን አንወጣም? አንተ እንደሁ መንገዱን ታውቀዋለህ» አልኩት።

የመለሰችልኝ እታገኝ ናት። «ውሰዳት እንጂ! እኔ መኪናውን ይዤ በወዲያ በኩል፣ ሊቨርሞር እጠብቃችኋለሁ። ምሳ ይዤ።»

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እታገኝ ሳን ሆሴ ከዳገቱ ሥር አወረደችን። ኪሳችን ሙዝና ቆሎ፣ የውሃ መያዣችን በሶ ነው። መንገዱ ቶሎ ከቤቶቹ በላይ ከፍ አለ። ኮረብታው ሁሉ ደርቆ የስንዴ አዝመራ መስሏል፤ እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ዛፎች ተተክለውበታል። ከታች ከተማዋ ጭጋግ ውስጥ ሆና የመኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ በኋላ እሱም ጠፋ። ወንድም ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በየመታጠፊያው ተራራው ጫፍ ላይ ያሉት የኮከብ መመልከቻ ነጫጭ ጉልላቶች ብቅ ይሉና ይሰወራሉ። ያ ተራራ ክፉ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስወጥቶ ሁለት ጊዜ መልሶ ቁልቁል ያወርዳል፣ የደከምክበትን ይቀማሃል።

ከሁለተኛው ቁልቁለት በታች አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች። ከእሷ በኋላ ያለው ዳገት ብቻ ነው። ወንድሜ ድልድዩ ላይ ቆመ። ውሃ ሊጠጣ መስሎኝ እኔም ወረድኩ። ብስክሌቱን አስደግፎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም።» እጁን ከፊቱ አነሣ። «ባለፈው የተመለስኩት ከዚህ ነው።»

አልገባኝም ነበር።

«አልወጣሁትም፣ እህቴ። እግሬ እምቢ አለኝ። ከዚሁ ዞሬ ቤት ስገባ እታገኝ በሩ ላይ ‹ወጣኸው?› አለችኝ። እንዴት ደስ ብሏት እንደጠየቀችኝ ብታዪ... አዎ አልኳት። እሷ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለሰው ሁሉ ነገረ።»

አባታችን ከሞተ ጀምሮ የምመካው በእሱ ነው። ከአገር ያወጣኝ እሱ፣ ወረቀቴን ያስጨረሰልኝ እሱ። የተቀመጠው ሰው ግን አንድ የደከመው፣ የፈራ ሰው ነበር፤ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መናደድም አማረኝ። ወዲያው ደግሞ ያ አንገት መድፋቱ ሁሉ ትዝ አለኝና አንጀቴን በላው።

«እሺ» አልኩት። «አሁን እኔ ልቅደም። ጉልላቱን አትየው፣ የኔን የኋላ ጎማ ብቻ እየው።»

«አንቺ? ብስክሌት ከያዝሽ ስድስት ወር ያልሞላሽ?»

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? በደንብ ካላስተማርከኝ እናየዋለን።»

ሳቀ። ተነሣ።

ከዚያ ያለውን ሁሉ አላስታውስም። ላብ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ የካቴናው ድምፅ፣ ከኋላዬ የእሱ ትንፋሽ። ዞር ብዬ አላየሁም፤ ካየሁት የሚቆም መሰለኝ። ትንፋሹ ሲርቅብኝ ቀስ እላለሁ፣ ሲቀርበኝ እጨምራለሁ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በብስክሌት ቁልቁል እየበረሩ «ደርሳችኋል!» ብለው አለፉን። ውሸታቸውን ነበር፤ ገና ብዙ ይቀራል። ጭኔ እንደ እሳት ሲነድ ቁጥሩን የማላውቀውን መታጠፊያ ዞርኩና መንገዱ ድንገት ለጥ አለ። ነጩ ጉልላት ራሳችን ላይ ቆሟል።

ወንድም ጋሼ ከብስክሌቱ ወርዶ አቀፈኝ፣ ብዙ ቆየ። በአንድ በኩል ባሕረ ሰላጤው፣ በሌላው በኩል መጨረሻ የሌለው ተራራ በተራራ ላይ። ካሜራ አልያዝንም፤ ፎቶ የለንም። የሚያውቀው እኛና ነፋሱ ብቻ ነው።

በወዲያ በኩል ያለው ቁልቁለት ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራል። ፍሬን እንደያዝኩ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከዚያ ሜዳው መጣ፤ ከብቶች በየዛፉ ጥላ ሥር ያመሰኳሉ፣ ሰው የሚባል የለም። ፀሐዩ በረታ፣ በሶው አለቀ። ከሜዳው ወጥተን በገደል አፋፍ የሚሄደውን ረጅም መንገድ ጨርሰን ወደ ሊቨርሞር ስንቃረብ መጀመሪያ ያገኘን ሽታው ነው። ወይኑ ተለቅሞ እየተጨመቀ ነበር፤ አገሩ ሁሉ የጠጅ ጥንስስ ይሸታል። ሁለታችንም ሳንነጋገር ፔዳሉን ትተን በሽታው ውስጥ ዝም ብለን ተንሸራተትን።

እታገኝ ወይኑ ዳር አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር መኪናዋን አቁማ፣ ጨርቅ አንጥፋ ቋንጣ ፍርፍር ዘርግታለች። ገና ስታየን እልል አለች። «አየሽ፣ ወንድምሽ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣው!» አለችኝ።

እኔ እጄን ታጠብኩ። ቁራሽ እንጀራ አነሣሁ። ወደ እሱ አላየሁም።

ወንድም ጋሼ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «እታገኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። «ያኔ ከድልድዩ ተመልሼ ዋሸሁሽ። ዛሬም ብቻዬን ብሆን እመለስ ነበር። ያወጣችኝ እሷ ናት፤ የእሷን ጎማ ተከትዬ ነው የወጣሁት።»

እታገኝ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምሳ ሳይቀዘቅዝ ግባ ነው እንጂ ተራራ ውጣ መቼ አልኩህ?» አለች። ጉርሻውን አንሥታ አጎረሰችው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለወንዶቹ ሁሉ ራሱ ነገራቸው። አንዳንዱ ሳቀበት። እሱ ግን ያን ቀን አንገቱን አልደፋም። እማማ ብርቄ ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «የልጅ ልጄን ታስተምሪልኛለሽ?» አሉኝ።

ሊያ መኪናውን ካቆመች ቆይታለች፤ ሞተሩን አጥፍታ አልወረደችም። ከወይኑ ወዲያ የሠርጉ ዘፈን ይሰማል።

«ለምንድነው እስከዛሬ ያልነገርሽኝ? ብስክሌት ሲባል ስምሽ ሳይሆን የእሱ ስም ነው እኮ ሁሌ የሚነሣው» አለች።

«ግማሹ የእሱ ታሪክ ስለሆነ» አልኳት። እንዲያ አልኳት እንጂ ሌላም ነገር አለ። በእኛ ዘመን ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ አንድ ነገር ሠርቶ ዝም ማለት ደግ ነው። አሁን ግን ሽበቴም መጥቷል፣ እንዲህ ማለት ይፈቀድልኛል፦ በዚያ ቀን እኮራለሁ። ተራራውን በመውጣቴ እኮራለሁ፤ በሱሪዬም፣ በተላጠው ጉልበቴም። ከሁሉ በላይ ግን ከድልድዩ እስከዚያ ዛፍ ድረስ፣ ያን ሁሉ ሰዓት፣ የወንድሜን ምሥጢር በአፌ ይዤ ሳልተነፍሰው በመድረሴ። መናገር ያለበት እሱ ነበር። እኔ ዳገቱን ቀደምኩለት፤ ቃሉን ግን ለእሱ ተውኩለት።