«ተመስገን» ብቻ የተማረ ኮምፒዩተር

እስቲ ይቺን ሴት እዩዋት። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠችውን። ነጠላዋ ጥጥ መስሎ ነጥቷል፤ ፀጉሯ ገና ዛሬ ነው የተጎነጎነው፤ ጫማዋ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ሠርግ የተጠራች አትመስልም? እንዳለች ትባላለች። የመጣችው ግን ሐኪም ዘንድ ነው፤ ያውም ለድባቴ። ዛሬ ጠዋት እግሯን ከአልጋ ለማውረድ ብቻ ልደታን ስሟን ጠርታ ለምናለች። ቢሆንም ሐኪም ፊት ተዝረክርኮ መቅረብ ነውር ነው፤ መታመም አንድ ነገር፣ መዋረድ ሌላ ነገር። ስለዚህ ታጠበች፣ ተቀባች፣ እንደ ሙሽራ ተኳለችና መጣች። ነርሷ ሲስተር ሎሚም ቀና ብላ አየቻትና ካርዷ ላይ «ንጽሕናዋን የጠበቀች፣ ፊቷ የፈካ» ብላ ጻፈች።

ጉዱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

እንዳለች ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ ከወሊሶ መጥታ ጌጃ ሰፈር አክስቷ ቤት አደገች፤ መቀስ መያዝም የተማረችው እዚያው ነው። ቤቱ ሲፈርስ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሳት፤ የስፌት መኪናዋን ጎረምሶች ተሸክመው፣ በየደረጃው እየተሳደቡ አወጡላት። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእሷ እጅ ለብሶ ነበር ትምህርት ቤት የሚገባው። ከዚያ አንድ ክረምት፣ ሰው ሳይሞትባት፣ ሌባ ሳይገባባት፣ መኪናው ፊት እንደተቀመጠች መርገጫውን መርገጥ አቃታት። እግሯ ደህና ነው። መርገጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው የጠፋባት። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ልጅ ባለ አንድ እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ ባንዲራ ሰቀለ። አንዱ ልጅ ጭራሽ ያለ ኮሌታ ሄዶ «ቄስ ልትሆን ነው?» ተብሎ ተሳቀበት።

«ቡዳ ነው» ተባለ። «ስኳር ነው» ተባለ። ጠበል ተወሰደች፤ ጠበሉ በረዳት እንጂ አላነቃትም። መጨረሻ ላይ ዶክተር ሸዋዓለም የምትባል ሐኪም «ይኼ ድባቴ ነው፣ በሽታ ነው፣ ይታከማል» ብላ ክኒን አዘዘችላት። እንዳለች ክኒኑን እንደ ሁዳዴ ጾም አጥብቃ ያዘችው። አልፈየደም። ደንበኞቿ ጨርቃቸውን እየሰበሰቡ ወጡ፤ እሷን ያስደነገጣት የጨርቁ መሄድ ሳይሆን፣ ጨርቁ ሲሄድ ምንም አለመሰማቷ ነበር። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣትም ትታለች። ለምን እንደተወችው ለማንም አልተነፈሰችም። መድኃኒቱ ካልተቀየረ መጨረሻዋ ምን እንደሚሆን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ 2010 ዓ.ም ነው። በዚያው ሰሞን እንዳለች የምትታከምበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ፕሮጀክት ገባ። ጴጥሮስ የሚባል፣ ትሑትና ፈጣን ወጣት፣ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። የዓመታት ካርድ ተጭኖለት፣ ኮምፒዩተሩ ከካርዶቹ ተምሮ የድባቴ ሕመምተኛ በየትኛው ክኒን እንደሚድን ቀድሞ ይናገራል። ልደታ ትንቢት የሚናገር ጠፍቶባት አያውቅም፤ ይኼኛው ግን በመብራት የሚሠራ ነው፣ መብራት ሲሄድ ነቢዩም ይሄዳል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሰው በማይሠራለት ክኒን ወራት ከሚቃጠል ቀድሞ መታወቁን ማን ይጠላል? ግን ካርዱ ላይ ያለው ቃል ከየት እንደመጣ የጠየቀ አንድ እንኳ አልነበረም። አንድ!

ከየት እንደመጣ ይኸውላችሁ፦

«እንዴት ነዎት እናቴ?» ትላለች ሲስተር ሎሚ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መድኃኒቱ ተስማማዎት?»

«ተመስገን፣ ምን ይላል።»

«እንቅልፍስ?»

«ተመስገን ነው።»

ሎሚ ትጽፋለች፦ ለውጥ አለ፣ ተስማምቷታል፣ ትተኛለች። ቀጣይ!

እንዳለች ዋሸች እንዴ? አልዋሸችም! እኛ አገር «እንዴት ነህ» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱ ማነቆ ውስጥ የገባም ሰው «ደህና፣ ተመስገን» ነው የሚለው። ሰላምታ ነው፣ ምርመራ አይደለም። ሰላምታውን ካርድ ላይ ገለበጡት፤ ካርዱን ኮምፒዩተሩ ዋጠው፤ ኮምፒዩተሩም ልደታ የዳነ ሰው ብቻ የሚኖርባት ሰፈር መሰለችው።

አንድ ቀን እንዳለች ጨክና ለዶክተር ሸዋዓለም ተናገረች። አንገቷን ደፍታ፣ የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… አልተሻለኝም።»

ዶክተሯ መጀመሪያ ያየችው ስክሪኑን ነው። «ወይዘሮ እንዳለች፣ እዚህ ጋ እኮ በጣም ጥሩ ነዎት።»

«የት ጋ?»

«ኮምፒዩተሩ ላይ። ይኼ መድኃኒት እርስዎን የማዳን ዕድሉ ዘጠና ከመቶ ነው። አሁን ብንቀይረው እንሳሳታለን። ጴጥሮስ፣ እስቲ አስረዳቸው።»

ጴጥሮስ ወንበሩን ሳብ አደረገ። «እናቴ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያየው እርስዎን የሚመስሉ ሰዎችን ነው። ዕድሜ፣ ሥራ፣ ቀጠሮ ማክበር፣ ንጽሕና… እርስዎን የሚመስሉት ሁሉም ተሽሏቸዋል።»

«እነማን ናቸው እኔን የሚመስሉት?»

«ስም አይነገርም።»

«እዚህ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ይቀመጥ የነበረ ልብስ ሰፊ ነበረ፣ ሂርጳ የሚባል። እሱም አለበት?»

«ስም መናገር አልችልም ብዬዎታለሁ። ግን መምጣት ያቆሙትን በሙሉ ተሽሏቸው የቀሩ ብለን ነው ያስገባናቸው።»

«ሂርጳን እኮ ቀብረነዋል!» አለች እንዳለች። «ኅዳር ላይ ነው የቀበርነው።»

ጴጥሮስ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ነፍስ ይማር። እንግዲህ… የሞቱ ምክንያት ሌላም ሊሆን ይችላል» አለ።

ሰው ሞቶ ድኗል ተብሎ ይቆጠራል፤ ቆማ «አልዳንኩም» የምትል ሴት ደግሞ ተሳስታለች! ለእንዳለች የዚያው የድሮው ክኒን ተጻፈላትና ለሦስት ወር ተቀጠረች።

ስትወጣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ጋሽ ዓባይነህ ነበሩ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ በጥበቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ክኒኑ እንዴት ይዞዎታል?»

«ተመስገን ነው ልጄ።»

«አይደለም፣ የእውነትዎን?»

«የእውነቴን ነው፣ ተመስገን።»

«በልደታ ይዤዎታለሁ፣ የእውነትዎን ይንገሩኝ!»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «እኔስ በድን ነኝ ልጄ። ምግቡ እንጨት እንጨት ይለኛል።»

«ታዲያ ለሲስተር ለምን አይነግሯትም?»

«የማን ጨካኝ ነኝ! ልጅቷ ሙሉ ቀን የሰው መከራ ስትሰማ ውላ እኔ ልጨምርባት? ደህና ነኝ ስላት እንዴት ፈገግ እንደምትል አላየሽም?»

ይኸው! ሕመምተኛው ነርሷን እያከመ ነው፤ ነርሷ ፈገግታዋን እየጻፈች ነው፤ ኮምፒዩተሩ ፈገግታውን እየተማረ ነው።

እንዳለች ቤቷ ገብታ ለጎረቤቷ ለዘሀራ የሆነውን ሁሉ አጫወተቻት። ዘሀራ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ መርካቶ ጨርቅ የምትነግድ፣ ምላሷ ከክንድ መለኪያዋ የሚረዝም የወሎ ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ ወገቧን ያዘች።

«እና ለሐኪም ተሽሞንሙነሽ ትሄጃለሽ? አንቺ ሴት፣ በሽታሽን እቤት ቆልፈሽበት ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«ታዲያ ጭርንቁስ ለብሼ ልሂድ?»

«አዎ! ደግሞ ‹ተመስገን› ብትይ በጥፊ ነው የምልሽ።»

«ፈጣሪን ላላመሰግን ነው እንዴ ዘሀራ? እንዲያውም ይብስብኛል!»

«በሆድሽ አመስግኚ! አምላክ ካርድ አያገላብጥም። እኔስ ጥርስ ሐኪሙ ፊት አልሐምዱሊላህ አልሐምዱሊላህ ስል አይደል ደህናውን ጥርሴን የነቀሉት? በይ ተነሺ፣ እንለማመድ።»

ልምምዱ ግቢው ውስጥ፣ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ላይ ተጀመረ። ዘሀራ ነርስ ሆነች። «እንዴት ነዎት እናቴ?» «ደህና፣ ተመስ…» «ኧኸ!» ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ ሳሙናዋን ጥላ በሳቅ ፈነዳች። «እንደገና! እንዴት ነዎት?» «ደህ…» «እንደገና!» ሰው «ሞኝ ነኝ» ማለትን ይለምዳል፣ «ሌባ ነኝ» ማለትንም ይለምድ ይሆናል፤ «ደህና አይደለሁም» ማለት ግን ለእንዳለች ራቁት ቆሞ እንደ መዝፈን ነበር። ዘሀራ አልለቀቀቻትም፤ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ፣ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ድንገት ዞራ «እንዴት ነዎት?» ትላታለች። ወያላው አንድ ቀን «እናንተ፣ ሰላምታችሁ አያልቅም እንዴ? ሂሳብ!» አላቸው።

ቀጠሮው ደረሰ። እንዳለች በቤት ቀሚሷ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ አንድ እግሯ ላይ የራሷን፣ በሌላው የዘሀራን ነጠላ ጫማ አጥልቃ ገባች። ጫማው የዘሀራ ሐሳብ ነው። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን መለሰ። ሲስተር ሎሚ ደንገጥ አለች።

«ምነው እናቴ፣ እንዴት ነዎት?»

የእንዳለች ከንፈር በልማዱ ተላቀቀ። «ተመ…» ተከትላት የመጣችው ዘሀራ ከኋላዋ «ኧኸ!» ብላ ሳለች። እንዳለች ቃሉን ዋጠችው፤ ሲወርድ ጉሮሮዋ ላይ ይታይ ነበር።

«ደህና አይደለሁም።»

«ውይ! እንዲህ ይባላል እንዴ? ተመስገን ይበሉ እንጂ!»

«አልልም።»

«ለምን?»

«እሱን ቤቴ ብዬው መጥቻለሁ። አልተኛም፣ አልበላም፣ ክኒኑ ምንም አላደረገልኝም። እንደዚሁ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ እባክሽ።»

ሎሚ ተቀይማ ጻፈች። የካርዱ ቃል ወደ ኮምፒዩተሩ ገባ። ጴጥሮስ ስክሪኑን አየና ከመቀመጫው ዘለለ። «ዶክተር! ከዘጠና ወደ ሠላሳ ወርዷል! መድኃኒቱ ይቀየር እያለ ነው! አየሽ ኮምፒዩተሩ እንዴት አድርጎ እንደያዘው?»

ያዘው! ሴትዮዋ ሦስት ወር ሙሉ ባለጌ መሆንን ስታጠና ከርማ፣ ምስጋናው ለሳጥኑ!

ዶክተር ሸዋዓለም ግን አልዘለለችም። የእንዳለችን እግር አየች፤ ሁለቱን ጫማዎች። ፊቷ ቀላ። ላፕቶፑን ወደ ጴጥሮስ ገፋ አድርጋ፣ «ይዘህልኝ ውጣ፣ በሩን ዝጋው» አለችው። ከዚያ ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥታ ተቀመጠች።

«ያኔም ነግረውኝ ነበር» አለች። «አልሰማሁዎትም። አሁን ለእኔ ይንገሩኝ፣ ምንም ሳያስቀሩ።»

እንዳለች ስለ በረንዳው፣ ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል ማየት ለምን እንደፈራች ነገረቻት።

በዚያ ቀን ክኒኑ ተቀየረ። ዘሀራ እየመጣች አብራት እንድታድር ተነገራት፤ ቀጠሮውም ከሦስት ወር ወደ ሳምንት አጠረ። አዲሱ ክኒን ተአምር አልሠራም፤ መጀመሪያ አፏን አደረቀው፣ ራሷን አዞራት። ግን አንድ ጠዋት ዘሀራ ሽሮው ላይ ጨው አብዝታ፣ እንዳለች ቀምሳ «ይኼ ለከብት ነው!» ብላ ተቆጣች። ዘሀራ ማማሰያውን ይዛ አለቀሰች። ምግብ ምግብ ሳይላት የከረመች ሴት ጨው በዛ ብላ ስትቆጣ መስማት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጋሽ ዓባይነህ ግን ዛሬም አግዳሚው ላይ ናቸው። ዛሬም «ተመስገን» ይላሉ፤ ኮምፒዩተሩም ዛሬም ያምናቸዋል። ጎረቤት ሆና የምታስልላቸው ዘሀራ የለቻቸውም። ሳይንሱ ይምጣ፣ ኮምፒዩተሩም ይማር፤ ግን ማን ምን ብሎ እንዳስተማረው ሳይጠየቅ የሰው ነፍስ ለምን ይሰጠዋል?

እናም እናንተ የምታነቡ፣ ነርስም ሁኑ ሐኪም፣ ልጅም ሁኑ ጎረቤት፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰውን «እንዴት ነህ» ብላችሁ «ተመስገን» ሲላችሁ፣ እሱ ሰላምታ ነው፣ ተቀበሉት። ከዚያ አትሂዱ። ቁጭ በሉና እንደገና ጠይቁት።