የእናቱ ሚስኮል

ሰፈርተኛው በቅጽል ስሙ መቀስ ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም እንደ እጁ እረፍት አያውቅም። ደንበኞቹ «ፀጉሬን ግማሽ ሳያደርስ የሰፈሩን ወሬ ይጨርሰዋል» እያሉ ያሙታል። እሱም «ወሬው ምርቃት ነው» ይላቸዋል። ቤቱ ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ወረፋ ለሚጠብቅ አንድ አግዳሚ። አግዳሚው ሲሞላ መቀስ አዲስ የመጣውን «ሂድ፣ ጉዳይህን ጨርስ፤ ተራህ ሲደርስ እደውልልሃለሁ» ይለዋል። ደንበኛ ያበዛለት ይኸው ጠባዩ ነው። ጉድ ያፈላበትም ይኸው ነው።

እናቱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ጋ ኑሪ ብሎ ቢለምናት «በገዛ ቤቴ እንዳሻኝ ልሁንበት» ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ማታ በሯን ስትቀረቅር አንዴ ትደውልና ሳያነሳው ትዘጋዋለች። ሚስኮል። ደህና ነኝ፣ ተኛ ማለቷ ነው። እንዲያነሳው አትፈልግም፤ «ካወራንማ አንተ መች ታቆማለህ!» ትለዋለች። መቀስ ያቺን ጥሪ ሳይሰማ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም ነበር።

ከደንበኞቹ መካከል አንድ ዝምተኛ አስተማሪ ነበር፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ አመስግኖ የሚሄድ ሰው። አንድ ሰሞን ጠፋ። መንግሥት እየፈለገው ነው ተባለ። ምን እንዳጠፋ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያወቀም ቢኖር አይናገርም። ብዙም ሳይቆይ መቀስን ለምርመራ ቅረብ የሚል ጥሪ ደረሰው።

መርማሪው በዕድሜ ታናሹ ቢሆን ነው፤ አንተ ከማለቱ በቀር ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ አስቀመጠው። መቀስ የደወለላቸውና የደወሉለት ቁጥሮች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

«ከዚህ ተፈላጊ ሰው ጋር ደጋግመህ ተደዋውለሃል። ሁሉም አጭር አጭር ጥሪ ነው። ምን ነበር የምትለው?»

«ተራህ ደርሷል፣ ና ነው የምለው።»

«የምን ተራ?»

«የጢም ነዋ፣ ጌታዬ!»

መርማሪው አልሳቀም። ጣቱን ወደ ሌላ ቁጥር አወረደ። «ይሄኛውስ? በየማታው ይደወላል፤ አንድም ቀን አላነሳኸውም። ምልክት ነው አይደል?»

መቀስ ቁጥሩን አጎንብሶ አየው። ምልክትስ ምልክት ነው፤ ምን ብሎ ይካድ? «እናቴ ናት» አለ። «ደህና ነኝ ማለቷ ነው።»

«እንግዲያው እሳቸውንም ጠርተን ማረጋገጥ ሊኖርብን ነው።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ደረጃ መውጣት አትችልም እኮ። ደግሞስ ይሄን ሁሉ እንድታዩ ማን ፈቀደላችሁ?»

«ሕግ። አይዞህ፣ ያወራኸውን አልሰማንም። ማን ለማን፣ መቼ እንደደወለ ብቻ ነው የምናየው።»

«ሕጉስ ይፍቀድ። ግን ልክ ነው ወይ?»

መርማሪው ከልቡ ግራ ተጋብቶ አየው። «ሕጋዊ ነው አልኩህ እኮ።»

አልሰማንም ያለው ሊያጽናናው ነበር። ምነው በሰሙት! የሰማ ሰው «ና፣ ጢምህን ተላጭ» ሲባል ይሰማ ነበር። ቁጥር ብቻ የሚያይ ግን የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ ከራሱ ሲሞላ ደግሞ ደግ ነገር የሚጨምር ብዙ የለም።

መቀስ ከዚያ እንደወጣ በቀጥታ እናቱ ጋ ሄደ።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትደውዪልኝ።»

«ምነው ልጄ? ምን አስቀየምኩህ?»

«ስልኬን እያዩት ነው። አንቺን ይጠሩሻል፣ እኔን ያስሩኛል። እሑድ እሑድ ራሴ እመጣለሁ።»

«ታዲያ ደህና መሆኔን በምን ታውቃለህ?»

«እስኪያልፍ ነው» አላት። እሷም እየከፋት «ይሁን፤ ጎመን በጤና» አለች።

በዚያው ሳምንት መሃል ላይ እናቱ ማድቤቷ ውስጥ አዳልጧት ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ጎረቤቷ ያገኘቻት በማግስቱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ነበረች። መቀስ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ላጭቶ ትቶት ወደ ሆስፒታል በረረ። ስልኳ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ እንደነበረ ጎረቤቷ ነገረችው።

«እማዬ፣ ስልኩ እኮ አንቺው ጋ ነበር! ምናለ ብትደውዪ?»

«አውጥቼው ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ልጄን ያስሩብኛል ብዬ መለስኩት። እሑድም ሩቅ አይደለም ብዬ።»

መቀስ ፊቱን አንሶላው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። የምታባብለው እሷ ነበረች። እሑድን ግን አላየችም።

ከቀብሯ በኋላ መቀስን እንደገና ጠሩት። ያው መርማሪ ነበር፤ ዛሬ ፊቱ ፈታ ብሏል።

«ምንም አልተገኘብህም፣ ነፃ ነህ። ቅር አይበልህ፤ የተደረገው ሁሉ በሕጉ መሠረት ነው። እናትህም ከእንግዲህ እንደልባቸው ይደውሉ።»

በቅንነት ነው ያለው።

«ቀብሬያት ነው የመጣሁት» አለ መቀስ።

እናቱ ከሞተች ወዲህ ሲያብሰለስለው የከረመውን፣ ጮክ እንኳ ሳይል ተናገረው።

«እናንተን እንዳልከስ ሕጋዊ ናችሁ። አትደውዪ ያልኳት እኔ ነኝ።»